የሚጠበቅ ጀልባ

ጀልባዋን ወደ ውሃ ከመግፋቱ በፊት እጁን ወደ ኮሌታው ይሰዳል። በሁለት ጣቶቹ የሸሚዙን ጠርዝ ከግራ ወደ ቀኝ ይዳብሳል፤ የሚፈልገውን ሳያገኝ እጁን ያወርድና ጀልባዋን ይገፋል። በየማለዳው እንዲሁ ነው። ለማያውቀው ሰው ትንኝ ያባረረ ወይም አንገቱን ያከከ ይመስላል። ሚስቱ ግን ታውቃለች፤ መርፌ ነው የሚፈልገው። ልብስ ሰፊ በነበረ ጊዜ መርፌዎቹን የሚሰካው እዚያ ነበር፤ ሥራ መቀየሩን እጁ እስከ ዛሬ አልሰማም።

«እጅህ ደንቆሮ ነው» ትለዋለች።

«ታማኝ ነው እንጂ» ይላታል።

ዓሣ አጥማጅ ከሆነ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ በዳርቻው ግን አሁንም ድርብ ስፌት ነው የሚባለው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ ቢኖር ሚስቱ ናት፤ እሷም የምትጠራው ስትቆጣ ብቻ ነው።

ወደ ዳርቻው የመጣው ዓሣ የሚመዘንበትን መጠለያ ሸራ ሊሰፋ ነበር። የአንድ ሳምንት ሥራ ነበር። ከሸራው ሥር አንዲት ልጅ ዓሣ ታጸዳለች፤ ቢላዋዋ አያርፍም፣ ምላሷም አያርፍም። በአንድ እጇ ዓሣውን፣ በአንድ አፏ ነጋዴውን ስትገሸልጥ አየና መርፌው ጣቱን ወጋው። ሸራው ተሰፍቶ አለቀ፤ የእሱ ነገር ግን አላለቀም። «ይኸኛው ጥግ ላላ» ብሎ ይመለሳል፤ «ነፋስ እንዳይገነጥለው» ብሎ ይመለሳል። በመጨረሻ የልጅቷ አባት፣ ሽማግሌው፣ ትዕግሥታቸው አለቀና ጠሩት።

«ልጄ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ሸራው ከእኔ በላይ ዕድሜ እንዲኖረው አልፈልግም። ሸራውን ተወውና የምትፈልገውን ተናገር።»

ተናገረ። እሳቸውም ሲሰሙ ቆይተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት፤ ልጃቸውን የሚያገባ ሰው ውሃ ላይ ይወጣል። በዳርቻው ሌላ መተዳደሪያ የለም። «ልብስ የሚሰፋ አማች ይዤ የት እገባለሁ?» አሉት። እሱም ፈረሱን ትቶ እንደሚዘምት ሰው የስፌት መኪናውን ለወንድሙ ትቶ መጣ።

ድርብ ስፌት የሚለውን ስም ያወጣለት አንድ ጠዋት ነው። ሽማግሌው የተቀደደ መረብ ሰጡትና ጠግነው አሉት። ደስ አለው፤ ቢያንስ ይህን አውቃለሁ አለ። ቁጭ ብሎ ሰፋ። ቀዳዳ ባየ ቁጥር ያዝናል፤ ቀዳዳ ለልብስ ሰፊ ውርደት ነዋ። የተቀደደውን ጠገነ፤ ያልተቀደደውንም እግረ መንገዱን አጠናከረ፤ የሰፋውን ዓይን አጠበበ፣ የጠበበውን በድርብ ክር ደፈነ። ሲጨርስ መረቡ የሙሽራ ቀሚስ መሰለ። እሱም እንደ ሙሽራ እናት አጠገቡ ቆሞ አደነቀው።

ውሃ ላይ ጣሉት። ሊጎትቱት ሲሉ መረቡ ከዓሣው ይልቅ ውሃውን ይዞ መጣ። ጎተቱ፤ ከበደ። ሌላም ጎተቱ፤ ጀልባዋ በአንድ ጎኗ ተንጋደደችና አማትና አማች ተያይዘው ውሃ ውስጥ ገቡ። ይህ ሁሉ የሆነው ከዳርቻው ሳይርቁ፣ ሕዝብ ቆሞ እያየ ነው። ጎትቶ ያወጣቸው ያኔ ጎረምሳ የነበረው የጎረቤት ጀልባ ልጅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጎርናና ይሉታል፤ ድምፁ የጎረነነው ያን ቀን በሳቅ ነው ይባላል።

ሽማግሌው ጢማቸው ውሃ እያንጠባጠበ ዳር ላይ ተቀመጡ። አልተቆጡም።

«ልጄ» አሉት፣ «የመረብ ሥራው ቀዳዳው ነው። ቀዳዳውን ከደፈንክበት ባልዲ ይሆናል።»

ከዚያ በኋላ በአንድ ጀልባ አብረው ወጡ፣ አብረው ገቡ። ሽማግሌው ማስተማር አይወዱም፤ ማሳል ይወዳሉ። አንድ ጊዜ ካሳሉ መረቡን ጣለው ማለት ነው፤ ሁለቴ ካሳሉ ቆይ ማለት ነው። ጉንፋን በያዛቸው ጊዜ ብዙ ዓሣ አመለጣቸው። ግን ተማረ። ውሃው መልኩን ሲቀይር ማየት፣ ወፎቹ ሲረበሹ መጠርጠር፣ ነፋስ ከመምጣቱ በፊት በጆሮው ጫፍ ማወቅ ተማረ።

ከተማ ወንድሙን ሊጠይቅ በሄደ ጊዜ ግን አንድ ነገር ታዘበ። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው መስኮት ከፈተ። ትንሽ ቆይቶ ቦታ ቀየረ። ወንድሙ ሱቅ ሲደርስ ነጭ ጨርቅ ተዘርግቶ አየና እጁ እንደ ልማዱ ሄደ።

«ተው፣ ተው፣ አትንካው» አለ ወንድሙ። «የሙሽራ ነው። ሙሽራዋ ዓሣ ዓሣ ብትሸት ሰርጉ ይቀራል።»

ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሳቁ። እሱም ሳቀ፤ እጁን ግን ኪሱ ከተተ። ከተማ ሲገባ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ዳርቻው ሲመለስ ልብስ ሰፊ። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ላይ ብቻ፣ አውቶቡሱ ውስጥ፣ ምንም አይደለም።

በዳርቻው መካከል፣ ከመመዘኛው መጠለያ አጠገብ፣ አንድ አሮጌ የመኪና ቸርኬ ግንድ ላይ ተንጠልጥሏል። ዓሣ የምትመዝነው ሴት፣ ሁሉም እትዬ ሚዛን የሚሏት፣ በብረት ስትመታው ገበያው ይከፈታል። ከዚያ በፊት ማንም አንድ ዓሣ አይሸጥም፣ ነጋዴም ዋጋ አይጠራም። ቸርኬው የሚመታው ደግሞ የዳርቻው ጀልባዎች ሁሉ ሲገቡ ነው። ቀድሞ የገባ ቀድሞ ቢሸጥ ነጋዴው በመጀመሪያዎቹ ይጠግብና የኋለኞቹን እንደ ትራፊ ያነሣቸዋል። ይህ የሚነገረው ምክንያት ነው። የማይነገርም አለ፤ ገበያ ካልተከፈተ ሰው ሁሉ ዓይኑ ውሃው ላይ ይሆናል፤ ዓይን ሁሉ ውሃው ላይ ከሆነ የቀረ ሰው ቶሎ ይታወቃል።

የሚጠበቀው ግን የዳርቻው ሰው ነው። ከሌላ ቦታ ትልልቅ ሞተር ይዘው መጥተው ለወራት የሚያጠምዱ አሉ። ክፉ የሚላቸው የለም፤ ነዳጅ ሲያልቅባቸው ያበድሯቸዋል፣ ገመድ ሲበጠስባቸው ይቋጥሩላቸዋል። ቸርኬው ግን እነሱን አይጠብቅም። ዘግይተው ከገቡ የደረሱበትን ይሸጣሉ፤ የእንግዳ ነገር ነው።

እንግዳና ወገን የሚለይበት ሌላም መንገድ አለ። እንግዳ «ይህን ዓሣ የት አገኘኸው?» ብሎ ቢጠይቅ «እንጃ» ይሉታል። ወገን ከጠየቀ ግን በደንብ ይዋሹታል። ተቀምጠው፣ በእጃቸው አቅጣጫ እያሳዩ፣ ድንጋዩን በስም እየጠሩ፣ ሰውዬውን ደግ አድርገው ወደማይሆን ቦታ ይልኩታል። ሽማግሌውን ሁሉም ይዋሻቸው ነበር። እሳቸውም ሲዋሿቸው ደስ ይላቸዋል፤ የተባሉትን ቦታ ትተው የቀረውን ይሞክራሉ።

ሽማግሌው ባለፈው የዝናብ ወራት አረፉ። ዳርቻው ሁሉ ቀበራቸው። ወንድሙም ከከተማ መጥቶ ነበር፤ ከቀብር በኋላ ጥግ ይዞ «ያቺ መኪናህ አለች፤ ዘይት እየቀባሁ አስቀምጫታለሁ። እጅህ ይታጠባል፤ ና» አለው።

እሱ ጀልባዋን ብቻውን ይዞ መውጣት ጀመረ። አንድ ቀን ጎርናና ባለ ጢሙን ትልቅ ዓሣ በሣጥን ሙሉ ይዞ ገባ። «የት አገኘኸው?» አለው ድርብ ስፌት፣ እንደ ቀልድ።

ጎርናና ገመዱን እያሠረ ነበር። «እንጃ» አለ።

ይህች ቃል እንደ ዓሣ እሾህ ጉሮሮው ላይ ቀረች። ለካ ሲዋሹ የኖሩት ሽማግሌውን ነው። ለካ ቸርኬውም ሲጠብቅ የኖረው ሽማግሌውን ነው። እሱ በሰው ጀልባ የተቀመጠ አማች ነበር፤ አሁን ባለ ጀልባው የሉም። ታዲያ ቢዘገይ ይጠብቁታል? መጠየቅ አይቻልም። «ትጠብቁኛላችሁ ወይ?» ብሎ የጠየቀ መልሱን ራሱ ሰጠ፤ የሚጠበቅ ሰው አይጠይቅማ።

ስለዚህ መሮጥ ጀመረ። ከሁሉ ቀድሞ ይገባል። መረቡ ሳይሞላ ያነሣዋል፤ ዓሣው በሚበዛበት ሰዓት እሱ ዳር ላይ ሣጥኑን አውርዶ ተቀምጧል። ካልዘገየ አይታወቅማ፤ ካልታወቀ ደግሞ አይቆረጥም። ሚስቱ ጥቂት ቀን ታዘበችው።

«ዛሬስ ዓሣዎቹ ሳይነቁ ነው የመጣህ» አለችው አንድ ማታ፣ ቢላዋዋን እየሳለች።

«ነፋስ ያለ መስሎኝ ነው።»

«ትናንትም ነፋስ መስሎህ ነበር። ነፋሱ እቤት ድረስ ተከትሎህ ይመጣል እንዴ?»

ከዚያ ወዲያ መደበቅ አልቻለም። የሆዱን ነገራት። ሣጥኑ እየጎደለ እንዲህ እስከ መቼ እንደሚሮጥ አያውቅም፤ ግን ዘግይቶ የቸርኬውን ድምፅ ውሃ ላይ ሆኖ ከሰማ ያኔ ነገሩ አለቀ። «ካልጠበቁኝ ወንድሜ ጋ እንሄዳለን» አላት። «ባልሆንኩት ነገር ስም አላረጅም።»

ቢላዋውን አስቀመጠችው። የተወለደችው ከመጠለያው አጠገብ ባለው ቤት ነው፤ ውሃ የማይታይበት መስኮት ኖሯት አያውቅም።

«እኔ ከተማ ገብቼ ምን እሆናለሁ?»

«የልብስ ሰፊ ሚስት።»

«እስከ ዛሬስ ማን ነበርኩ ታዲያ?» አለችና መልሳ ቢላዋዋን አነሣች። ሳቅ ሳቅ ብሎታል፤ አልሳቀም።

በሳምንቱ አንድ ቀን ሁሉም ገብተው እሱ ቀረ። ሚስቱ እንደ ሁልጊዜው ከሸራው ሥር ዓሣ ታጸዳለች። ሣጥኖቹ ተደርድረዋል፣ የጭነት መኪናዎቹ ቆመዋል፣ ፀሐይዋ ወጥታ ጀርባ ማቃጠል ጀምራለች። እትዬ ሚዛን ተገልብጦ በተቀመጠ ሣጥን ላይ፣ ብረቱን ጭኗ ላይ አጋድማ ቁጭ ብላለች።

«እትዬ፣ ምቺው እንጂ» አላት ቀይ መኪና ያለው ነጋዴ። «በረዶዬ እየቀለጠ ነው።»

«ሰው ውጪ አለ።»

«ማን? ሁሉም ገብተዋል፤ ይኸው እያየኋቸው።»

«ሁሉም ከገቡ እጄ ለምን አልተነሣ?»

ነጋዴው ጀልባዎቹን ቃኘ። «ያ ልብስ ሰፊ ነው የቀረው? ለአንድ ልብስ ሰፊ ብላችሁ ይህን ሁሉ ዓሣ ልታገሙት ነው?»

ይህን ጊዜ ጎርናና ከመረቡ ቀና አለ። እስካሁን በዳርቻው ከእሱ በላይ ያጉረመረመ አልነበረም፤ ስለ ፀሐይዋ፣ ስለ ዋጋው፣ ስለ ድርብ ስፌት ሞተር ብዙ ተናግሯል።

«ስማ» አለው ነጋዴውን፣ «ልብስ ሰፊ ብለን የምንሰድበው እኛ ነን። አንተ በስሙ ጥራው።»

«ስሙ ማን ነው?»

ጎርናና አሰበ። ወደ እትዬ ሚዛን ዞረ፤ እሷም አታውቅም። ወደ ሚስትየው ዞረ፤ እሷ ወደ ውሃው ነው የምታየው።

«ድርብ ስፌት ነው» አለ በመጨረሻ፣ እንደ ትልቅ ማዕረግ።

ፀሐይዋ ወደ አናት ወጣች። ቀዩ መኪና አቧራውን አስነሥቶ ሄደ፤ ማንም አልጠራውም። ጎርናና ጆንያ ውሃ ውስጥ እየነከረ ሣጥኖቹን ሸፈነ፤ የራሱን ብቻ ሳይሆን ያገኘውን ሁሉ። ቀጥሎም ትርፍ የነዳጅ ጀሪካን ተሸክሞ ወደ ጀልባው ሄደ፤ ሌላም ጀልባ አብሮት ተነሣ። ሚስትየው ቢላዋዋን አላስቀመጠችም። አንዱን ዓሣ አጽድታ ጨርሳ እንደገና ታጸዳዋለች፤ የሚወጣለት ነገር አልቆ አጥንቱ እስኪታይ ድረስ።

ጀልባዎቹን ሊገፉ ሲሉ አፍንጫው ከሚባለው የድንጋይ ጉብታ ኋላ አንድ ጥቁር ነጥብ ወጣች። ነጥቧ ጀልባ ሆነች፤ ጀልባዋም ድርብ ስፌትን ይዛ መጣች።

እሱ ያየው የቆመ ሕዝብ ነው። ሁሉም ፊቱን ወደ እሱ አዙሮ፣ አንድም ሣጥን ሳይነሣ፣ አንድም መኪና ሳይጫን። ቸርኬው ዝም ብሎ ተንጠልጥሏል። ሞተሩን አጥፍቶ የቀረውን መንገድ በመቅዘፊያ መጣ።

«ሞተሃል ብለን ነበር» አለው ጎርናና የጀልባዋን አፍ እየያዘ። «ካልሞትክ ደግሞ አሁን እንገድልሃለን። የት ነበርክ?»

«ሞተሩ ቆመብኝ» አለ፣ ገመዱን እያየ።

ተንጠራርተው ሣጥኑን አዩ። ከታች ጥቂት ዓሦች እርስ በርስ እየተፋፈሩ ተኝተዋል።

«ለእነዚህ ነው?»

«እነዚህስ ራሳቸው ደክሟቸው ነው የገቡለት።»

«ስማኝ፣ መርፌና ክር ሰጥተን እንሸኝህ እንዴ?»

«ከሃያ ዓመት በኋላ ደግሞ መረቡን ደፍነኸው እንዳይሆን።»

ስድቡ ከግራም ከቀኝም መጣ። በሃያ ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ ሰድቦት አያውቅም። ገመዱን እንደ ያዘ ቆሞ ፊቱን ምን እንደሚያደርገው ጠፋበት፤ ቢስቅ ሊያለቅስ ነው፣ ቢኮሳተር ሊስቅ ነው። እትዬ ሚዛን ከሣጥኑ ላይ ቀስ ብላ ተነሣች፤ ወገቧን ያዘች፤ ሳትቸኩል ሄደችና ብረቱን አነሣች።

ቸርኬው ጮኸ።

ያን ቀን ገበያው የረባ አልነበረም። የቀሩት ነጋዴዎች ዓሣውን እያሸተቱ ዋጋ ሰበሩ፤ ሰዉም እያጉረመረመ ሸጠ። ሚስቱ የመጨረሻውን ዓሣ ጨርሳ እጇን ታጠበችና አጠገቡ ተቀመጠች።

«ለወንድምህ ምን ልትለው ነው?» አለችው።

«መኪናዋን ሽጣት እለዋለሁ።»

«አይሆንም» አለች። «እዚህ ያምጣት። የመጠለያው ሸራ ጥጉ ላልቷል።»

በማግስቱ ጎርናና የሥራ ዕቃውን ይዞ ሳይጠራ መጣ። ሞተሩን ፈታው፣ በነዳጅ አጠበው፣ እያንዳንዷን ብሎን ጨርቅ ላይ ደረደራት፤ ከሥራ አንድ ሙሉ ጠዋት ቀረ። መልሶ ሲገጥመው እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ሕመሙን እንዳገኘ ሐኪም ራሱን ነቀነቀ።

«ቱቦው ነው። አሁን አስተካክዬልሃለሁ፤ ሁለተኛ አይቆምብህም» አለ።

ከዚያ አጠገቡ ተቀመጠና፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ባለ ጢሙን ትልቅ ዓሣ የት እንዳገኘው ይነግረው ጀመር። ከአፍንጫው ወዲያ፣ ከሁለቱ ድንጋዮች መካከል፣ ወደ ግራ ትንሽ ጠጋ ብሎ፣ ውሃው ከሚጠቁርበት። በጣቱ አሸዋው ላይ ሥሎ ሁሉ አሳየው። አንዲት እውነት የሌለበት፣ ያማረ፣ የተሟላ ውሸት ነበር። ድርብ ስፌት አንድም ቃል ሳያመልጠው እስከ መጨረሻው ሰማው።

ከዚህ ጽሑፍ እንድትቀር ድርብ ስፌት እኔን ጸሐፊዋን የለመነኝ አንዲት ነገር አለች። ሞተሩ በእርግጥ ቆሞ ነበር። አፍንጫውን እንዳለፈ ሁለቴ አስነጥሶ ጸጥ አለ። ቱቦውን ነቀለ፣ በአፉ ነፋው፣ መልሶ ሰካው፤ ገመዱን ሲስብ ወዲያው ተነሣ። ገና ማለዳ ነበር፤ ቢመጣ ከሁሉ ቀድሞ ይገባ ነበር። ሞተሩ ሲንደቀደቅ ትንሽ ሰማውና በገዛ እጁ አጠፋው። ከድንጋዩ ኋላ፣ ከዳርቻው ማንም ከማያየው ቦታ፣ ጀልባዋ እንዳትንሸራተት በመቅዘፊያው እየያዘ፣ ጆሮውን ወደ ቸርኬው ጥሎ ተቀመጠ።

«ይቺን አትጻፊያት» ብሎኛል። «በእኔ ምክንያት የሰው ዓሣ ሞቋል።»